መኳንንትና መኮንኖች

በካርቱም ደቡብ በምትገኘው በማዮ የኖረ ኢትዮጵያዊ የዐረብኛው «ቤት» ሲበዛ «ቡዩት»፣ «ወለድ» ሲበዛ «አውላድ» እንደሚሆን ከጎረቤቱ አፍ ሰምቶ ያውቃል። ቃልን ከውስጡ ሰብሮ የማብዛት ሥርዓት ለግዕዝም ባዕድ አይደለም። በአገራችን ታሪክ ከባድ ሚና የነበረው «መኳንንት» የተሰኘው ስም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ነጠላው «መኰንን» ሲሆን የመጣው «ኰነነ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ፈረደ፣ ገዛ፣ ቀጣ ማለት ነው። «ኵነኔ»ም የዚሁ ዘር ነው። ሲበዛ «ኰ» ወደ «ኳ» ይለወጥና መጨረሻው ላይ «ት» ይታከላል፤ «መስፍን» «መሳፍንት»፣ «መልአክ» «መላእክት» እንደሚባለው ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ ፈራጅነትን እንጂ የደም ጥራትን አይናገርም። የሮማ ባላባቶች ወገን «ኦፕቲማቴስ» ይባል የነበረው ግን «ኦፕቲሙስ» ማለትም «ከሁሉ የሚሻል» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ነጠላው «ኦፕቲማስ» እምብዛም አይነገርም። ያ ራስን የሚያሞግስ ስም ነው፤ የእኛው የሥራ ስም ነው። ፈራጁም ገዢውም አንድ ሰው መሆኑ ለተበደለ ገበሬ መጽናኛ ባይሆነውም!

በልማድ መሳፍንት በትውልድ፣ መኳንንት በሹመት ይለያሉ ይባላል፤ ድንበሩ ግን ሁልጊዜ የጠራ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ከመኳንንቱ መካከል በንጉሠ ነገሥቱ እንዲመረጡ ደነገገ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስም የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት እንደራሴዎች የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ሆኑ። አንድ የብዙ ቁጥር ስም በሕዝብ ስም ድምፅ ሰጠ ማለት ነው።

በዘመናዊው ጦር ውስጥ ደግሞ ነጠላው «መኮንን» የወታደር ማዕረግ ስም ሆነና በአማርኛ ሥርዓት «መኮንኖች» ተብሎ በዛ። ከአንድ ነጠላ ሁለት ብዙ ወጣ፤ አንዱ ለቤተ መንግሥት፣ ሌላው ለጦር ሰፈር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ባወረደው ደርግ ውስጥ መኮንኖች ነበሩበት፤ የመኳንንቱ ሥርዓትም አብሮ ወደቀ።

ዛሬ «መኳንንቶች» የሚል አነጋገር ይሰማል። የበዛውን ደግሞ ማብዛት ነውና የግዕዝ ሊቃውንት አይወዱትም፤ «መላእክቶች» የሚለውን ግን ተናጋሪው ከለመደው ቆይቷል።