ሊሸጎጥ የተሠራ

ከጠመንጃዎቻችን ብዙዎቹ ስማቸውን ከባሕር ማዶ ይዘው የመጡ ናቸው። ስናድር የሠሪው ስም ነው። ውጅግራ የፈረንሳዊው መኮንን የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ምንሽርም የኦስትሪያዊው የማንሊኸር ስም በአማርኛ አንደበት ለዝቦ የተገኘ ነው። አጭሩ መሣሪያ ግን ስሙን ያገኘው ከራሳችን ግሥ ነው። ሴት ብሯን ከመቀነቷ ትሸጉጣለች፤ ተማሪ የፍቅር ደብዳቤውን ከደብተሩ መሐል ይሸጉጣል፤ የታጠቀውም ሰው የሸጎጠውን ዕቃ "ሽጉጥ" አለው። ቃሉ ስለ ተኩስ፣ ስለ ባሩድ፣ ስለ ሞት አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ስለ መደበቅ ብቻ ነው።

ይሁንና በታሪካችን ስማቸው የገነነው ሽጉጦች የተሸጎጡ አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ነፍሳቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣ፣ የመታሰቢያ ቃል የተቀረጸበት እንደ ነበር ይነገራል። ያ ለዐይን የተሠራ የነገሥታት ዕቃ ነው። ሊደበቅ ተብሎ ስለ ተሠራው እንዳስብ ያደረገኝ የአክስቴ ልጅ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል። አንድ የሥራ ባልደረባው በሌሊት ተዘርፎ፣ ተደብድቦም ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ለተሳፋሪ ጀርባውን መስጠት አስጨንቆታል። ከዕለታት አንድ ቀን ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ በሚያበድር ሱቅ መስታወት ውስጥ አንዲት ትንሽ ያገለገለች ሽጉጥ አየ። "ብራውኒንግ ይላል፤ የቤልጅግ ሥራ ናት" ሲል ጻፈልኝ። "ሻጩ፣ 'ይህች ከእንግዲህ አትሠራም፤ ከኮት ሥር ብትገባም ማንም አያያት' አለኝ። አንተ ታሪክ ታገላብጣለህና እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፤ ልግዛት?"

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ካዝና ሲባል ብር የሚያድርበትን አውቃለሁ እንጂ ጥይት የሚያድርበትን ካዝና በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሆኖም ዘመድ ጠይቆ ዝም አይባልምና ሦስት ምሽት ቁጭ ብዬ የዚያችን ሽጉጥ የትውልድ ሐረግ ተከተልሁ።

ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ በ1855 በአሜሪካ፣ በዩታ፣ ኦግደን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱም ጠመንጃ ሠሪ ነበር። የልጁ ዕጣ ግን ግማሹ ከአትላንቲክ ማዶ ተጽፎ ቆየው። ቤልጅግ አገር፣ ሊዬዥ አጠገብ፣ ኤርስታል በምትባል ከተማ በ1889 ለአገሩ ጦር የማውዘር ጠመንጃ ለመሥራት የተቋቋመ፣ በአጭሩ ኤፍ ኤን የሚባል ፋብሪካ ነበረ። በ1897 ከብራውኒንግ ጋር ተገናኙ። ከዚህ ግንኙነት የወጣችው የመጀመሪያዋ ሽጉጥ በ1900 ስም ትታወቃለች፤ በጥቂት ዓመታትም አውሮፓን አዳረሰች። በፈረንሳይኛ "ብራውኒንግ" ማለት ሽጉጥ ማለት እስኪሆን ድረስ ሰውየው ቃል ሆነ። እኛ ድርጊቱን ስም አደረግነው፤ እነሱ ሰውየውን። ብራውኒንግ ራሱ በ1926 የሞተው እዚያው ኤርስታል፣ ፋብሪካው ውስጥ ሳለ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያያት ግን የዚያች ታናሽ እኅት ናት፤ የ1910ሯ። ስለ እርሷ ሳነብ፣ እውነቱን ልናገር፣ ባልወደው እመርጥ የነበረውን ነገር ወደድሁ። በቀድሞዋ ሽጉጥ ውስጥ፣ ከተኩስ በኋላ የላይኛውን አካል ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ከበርሜሉ በላይ ለብቻው ይተኛ ስለ ነበር ራሷ ወፍሮ ይታይ ነበር። ብራውኒንግ በ1910ሯ ላይ ሞላውን በራሱ በበርሜሉ ዙሪያ ጠመጠመው። ነጠላ በሰው ትከሻ ላይ እንደሚጠመጠም ማለት ነው። ሽጉጧ በአንድ ጊዜ ቀጠነች፤ ክብ አፍ ያላት ለስላሳ ነገር ሆነች። መምቻዋ ከውጭ አይታይም። ማነጣጠሪያዋ እንኳ ከላይ በተቦረቦረ ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ተኝቷል። ከኪስ ስትወጣ ጨርቅ የሚይዝ ጥፍር የላትም ማለት ነው። ርዝመቷ ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ክብደቷም ወደ 600 ግራም ይጠጋል። እያንዳንዱ መስመሯ አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ ልሸጎጥ።

ተሸጎጠችም። በጁን 28 ቀን 1914 ሳራዬቮ ላይ የ19 ዓመቱ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድንና ባለቤቱን ሶፊን የገደለው በዚህች ዓይነት ሽጉጥ ነው። ለሴረኞቹ ታድለው ከነበሩት አራት አንዷ ናት። ዓለም ሁሉ በጦርነት ሲነድ ሽጉጧ የት እንደ ገባች የጠየቀ ጥቂት ነበር። ለሟቾቹ የመጨረሻውን ጸሎት ያደረሰ አንቶን ፑንቲጋም የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከሌሎች ቅርሶች ጋር አስቀምጧት ኖሮ፣ ከነፍሰ ገዳይ ኪስ ወጥታ ከካህናት ዕቃ ቤት ተሸጎጠች። ኢየሱሳውያኑ ለቪየናው የጦር ታሪክ ሙዚየም ያስረከቧት በ2004 ነው፤ ተከታታይ ቁጥሯ 19074። እስከዚያ ድረስ በዘጠና ዓመት ውስጥ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ፕሪንሲፕ የተኮሰው በ1900ዋ ነው እያሉ ታላቂቱን በታናሺቱ ጥፋት ሲወነጅሏት ኖሩ።

ይህን ለዘመዴ ልጽፍለት ስል እጄ ተያዘ። እርሱ ያያት ሽጉጥ በዚህ ምን አለባት? ከሳራዬቮዋ ብዙ ዓመት በኋላ የተሠራች ናት። ደግሞም እኔ ራሴ በየቀኑ የምቆጥረው ብር በማን እጅ እንዳለፈ አላውቅም፤ ቁጥሩ የታተመበትን ይነግረኛል እንጂ የተከፈለበትን አይነግረኝም። ያገለገለ ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ በብሩ ላይ ያለፈው እጅ አያሳስበኝም፤ በሽጉጧ ላይ ያለፈው ግን ያሳስበኛል። ምክንያቱን አሁንም በደንብ ልናገረው አልችልም።

ወደ አሜሪካ ታሪኳ ልመለስ። በትውልድ አገሩ ገበያው የኮልት ፋብሪካ ድርሻ ስለ ነበር፣ የብራውኒንግ ሽጉጥ አሜሪካ ለመግባት አርባ ዓመት ያህል ጠብቃለች። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቤተሰቡ ስም የሚጠራው ኩባንያ ከቤልጅግ እያስመጣ ይሸጣት ጀመር። የአክስቴ ልጅ ያያት ከእነዚያ መሆን አለባት። ንግዱ የቆየው እስከ 1968 ነው።

የዚያን ዓመት ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በሁለት ወር ልዩነት ተገደሉ። ከዚያ በፊት በ1963 ጆን ኬኔዲ የተገደለበት ጠመንጃ በፖስታ ታዝዞ የመጣ የጣልያን ካርካኖ ነበር። (የካርካኖን ድምፅ አያቶቻችን በማይጨው ሰምተውታል።) በ1968 መጨረሻ የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ከውጭ የሚገባ ሽጉጥ "ለስፖርት የሚስማማ" ይሁን አለ። መሥሪያ ቤቱም ነጥብ መስጫ ሰንጠረዥ አወጣ፤ ለርዝመት ነጥብ፣ ለክብደት ነጥብ፣ ለኢላማ ተኩስ ለሚመች ማነጣጠሪያ ነጥብ። ርዝመቱና ቁመቱ ተደምሮ 10 ኢንች የማይሞላ ሽጉጥ ነጥቡም አይቆጠርለትም፤ ከደጅ ይመለሳል። ለመሸጎጥ የተፈጠረችው ሽጉጥ በመሸጎጧ ተከሰሰች።

እዚህ ላይ ፈረንጆቹ ያደረጉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ኤፍ ኤን ፋብሪካ በ1971 ያችኑ ሽጉጥ አረዝሞ፣ ትልቅ የሚስተካከል ማነጣጠሪያ ጭኖባት፣ ከካዝናዋ ግርጌ የጣት ማሳረፊያ አብቅሎላት መልሶ ላካት። ድብቂቱ ለመግባት ስትል ጎልታ መታየት ነበረባት። አስቂኙ ነገር፣ ሕጉ የከለከለው ማስገባትን እንጂ እዚያው መሥራትን አልነበረም። ሮበርት ኬኔዲ የተገደለበት ትንሽ ሽጉጥ እንኳ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነበር። ትንንሽ ርካሽ ሽጉጦች በአገር ውስጥ መመረታቸውን ቀጠሉ፤ ከደጅ የቀረችው በጥንቃቄ የተሠራችው ናት። ሕግ ሲጣደፍ ሊይዘው የወጣውን ትቶ በአጠገቡ ያለፈውን የሚይዝበት ጊዜ አለ። ፋብሪካው ከነጭራሹ መሥራቱን ያቆመው በ1983 ነው።

ስለዚህ ለዘመዴ እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት። ያየሃት ከ1968 በፊት የገባች ከሆነች ዕድሜዋ ከእኔም ካንተም ይበልጣል። የሞላዋ ጉልበት በዕድሜ ይደክማል፤ ሲደክምም ጥይት ትጎርስና ታንቃለች። በአፏ ዙሪያ ያለችው የቀለበት ክዳን ሲፈቷት በሞላው ግፊት ተስፈንጥራ ዐይን ትመታለችና የማያውቅ አይንካት። ካዝናዋ የራሷ መሆኑን አረጋግጥ፤ ካዝናው ካልገባ ምላጯ እንዳይሠራ ተደርጋ የተሠራች ናትና ካዝና የሌላት ብረት ብቻ ናት። ሦስት መቆለፊያ አላት፤ አንዱ ለአውራ ጣት፣ አንዱ ከእጀታዋ ጀርባ፣ አንዱ ይኸው የካዝናው። ነገር ግን እንደ ዛሬዎቹ ሽጉጦች ምላጩ እስኪሳብ ድረስ መርፌውን አግዶ የሚይዝ የውስጥ ከልካይ የላትም። ጥይት ጎርሳ ከወደቀች የሚሆነውን የሚያውቅ የለም። አንተ ደግሞ ቁጭ ብድግ የምትል ሹፌር ነህ።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የብረቱ ሳይሆን የወንዙ ነገር ነው። ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ፖቶማክን የሚሻገር ታክሲ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሕግ ይረግጣል፤ የቨርጂኒያን፣ የዋሽንግተንን፣ የሜሪላንድን። በ2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኒው ዮርክ ከ1911 ጀምሮ ባቆየችው ሕግ ሸሽጎ ለመያዝ የተለየ ምክንያት መጠየቋን ከሻረ ወዲህ ፈቃድ ማግኘት በብዙ ቦታ ቀሏል። ሆኖም የቨርጂኒያው ፈቃድ ከድልድዩ ማዶ አያገለግልም። ከድልድዩ ወዲህ በሕግ የተሸጎጠው፣ ከድልድዩ ወዲያ ወንጀል ነው። ተሳፋሪ ደግሞ "ሽጉጥ ይዘሃልና ወዴት ልሂድ?" ብሎ አይሳፈርም።

ግዛ አላልሁትም፤ አትግዛም አላልሁትም። የተዘረፈው የእርሱ ባልደረባ ነው፤ እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥበቃ በር ላይ ቆሞልኝ ነው የምሠራው።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ሰባቱን ሌሊት የጫናቸውን ሰዎች በወረቀት ላይ ጽፎ ቆጥሯቸው ኖሯል። ከሠላሳ ስምንቱ ሃያ ሦስቱ ወንዙን የተሻገሩ ናቸው። "ድልድዩ ጋ ስደርስ የት ላውርዳት?" ይላል። ከዚያ በታች፣ እንደ ልማዱ ስለ እናቱ የደም ግፊት መድኃኒት ጠይቆ፣ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨምሯል፦ ዓርብ ማታ በዚያ ሱቅ በኩል ሲያልፍ ከመስታወቱ ውስጥ አጥቷታል።