ዘንፋላ ሰማያዊ ስፕሩስ

ዘንፋላ ሰማያዊ ስፕሩስ ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት የሚወርዱ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ የግቢ ማሳመሪያ ዛፍ ነው። የተገኘው በአሜሪካ ሮኪ ተራሮች በተፈጥሮ ከሚበቅለው ሰማያዊ ስፕሩስ ሲሆን፣ ይህ እናት ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ የኮሎራዶ ግዛት መለያ ዛፍ ነው።

መርፌ መሰል ቅጠሎቹ ባለ አራት ማዕዘን፣ ጠንካራና ጫፋቸው የሚዋጋ ነው። ሰማያዊነታቸው የሚመጣው ከሸፈናቸው ስስ ሰም ነው፤ ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ሰሙ ለቅቆ ከሥሩ አረንጓዴው ይታያል።

ከዘር የሚበቅል ችግኝ የእናቱን ቅርጽ ስለማይዝ ዛፉ የሚባዛው በክተባ ነው፤ ቅርንጫፉ ብዙውን ጊዜ በኖርዌይ ስፕሩስ ችግኝ ላይ ይጣበቃል። ዋናው ግንድ ራሱን ችሎ ስለማይቆም ገና ለጋ ሳለ ከድጋፍ እንጨት ጋር ይታሰራል፤ ካልታሰረ ግን በመሬት ላይ ተዘርግቶ ያድጋል።

ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታና ውሃ የማይቋጥር፣ በመጠኑ አሲዳማ የሆነ አፈር ይስማማዋል። የመትከያው ጉድጓድ ስፋት ችግኙ ከያዘው አፈር ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ጥልቀቱ ግን ከዚያ አፈር ቁመት አይበልጥም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየጊዜው ውሃ ማጠጣትና ግንዱን ሳይነኩ ጉዝጓዝ ማልበስ ያስፈልጋል።

ዋና ጠላቶቹ ቅርንጫፍ የሚያደርቁና ቅጠል የሚያረግፉ ፈንገሶች ናቸው። አየር እንዲያገኝ አራርቆ መትከልና ውሃውን ከቅጠሉ ይልቅ ሥሩ ላይ ማጠጣት ጉዳቱን ይቀንሳል።