ሐጃጅ የራቃት ጣቢያ



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ከመዲና በስተሰሜን 320 ኪ.ሜ. ያህል ርቃ በበረሃ ወደምትገኝ አንዲት የባቡር ጣቢያ እንወስዳችኋለን። ስሟ መዳኢን ሷሊሕ ይባላል። ቁርአን አል-ሒጅር ብሎ የጠቀሰው የሠሙድ ሕዝቦች አገር ነው።

ቀደም ሲል ከደማስቆ የተነሳ ሐጃጅ መዲና ለመድረስ በግመል 40 ቀን ያህል ይጓዝ ነበር። ጥም፣ በሽታና ዘረፋ ስንቱን መንገድ ላይ አስቀርቷል! እዚህች ቦታ ሲደርስ ግን ምሽጉና የውኃ ጉድጓዱ ያሳርፉት ነበር።

በ1318 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1900) የዑስማንያው ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ የሒጃዝ ባቡር እንዲዘረጋ አዘዙ። የአውሮፓን ብድር አልጠበቁም። ሱልጣኑ ከራሳቸው ሰጡ፤ ከመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተቀነሰ፤ የህንድ ሙስሊሞች ሳይቀሩ ገንዘብ ላኩ፤ የኡድሒያ ቆዳም ተሽጦ ገቢ ሆነ። ጉልበቱን በአብዛኛው ያዋጡት ወታደሮች ነበሩ።

ሐዲዱ መዳኢን ሷሊሕ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ዋና መሐንዲሱ ጀርመናዊ ቢሆኑም፣ ከዚህ እስከ መዲና ያለውን ሥራ ሙስሊም ባለሙያዎች አከናወኑት። በ1326 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1908) ባቡሩ መዲና ገባ። የ40 ቀኑ መንገድ ወደ ጥቂት ቀናት አጠረ። ጣቢያዋም የባቡር መጠገኛ ጋራዥ ያላት ትልቅ ማረፊያ ሆነች።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ግመል በማከራየት ይኖሩ የነበሩ ጎሳዎች እንጀራችን ተነካ ብለው ቀድሞውንም አኩርፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 በእንግሊዝ የተደገፈው የዐረቦች አመፅ ሲነሳ ሐዲዱ በድማሚት ይፈርስ ጀመር። ሙስሊም አዋጥቶ የሠራውን ሙስሊም አፈረሰው! ከጦርነቱ በኋላ የደቡቡ መስመር አገልግሎቱን አቆመ። በ1960ዎቹ የተጀመረውም ጥገና ከ1967ቱ ጦርነት ወዲያ ቀረ።

ዛሬ ጣቢያዋ ታድሳ ጎብኚ ያያታል፤ የሐጃጅ ድምፅ ግን አይሰማባትም።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ለዒድ የምንሰጠው ቆዳ ትንሽ ቢመስለንም፣ ያኔ ሐዲድ ሆኗል። ያንን ሐዲድ የነቀለው ድህነት ሳይሆን መለያየት ነው። ኩርፊያን በጊዜው ካልሸመገልነው፣ ያዋጣነውን መልሰን እናፈርሰዋለን። አላህ ልባችንን አንድ ያድርግልን፤ አሚን።