በጎራዴው ላይ የማን ስም አለ?

በአፄ ምኒልክ ዘመን ለአገራችን መኳንንት የሚመጣው ጎራዴ በጀርመን ዞሊንገን ከተማ ጭምር ይሠራ ነበር። ብረቱን በሰም ሸፍነው ሥዕሉን በመርፌ ይጭሩታል፤ የተጫረውን አሲድ ሲበላው የአንበሳው ምስልና የአማርኛው ጽሑፍ ይቀራል። በብዙዎቹ ላይ የፋብሪካው ምልክትም አለ።

ቢላዋችንንና ማረሻችንን የቀጠቀጠው ያገራችን ባለሙያ ግን በስሙ ፈንታ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ተሰደበ። ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

ከመካከላችን የእነዚህ ባለሙያዎች ልጆች አለን። ስለዚህ በማኅበራችን የሽያጭ መዝገብ ከዕቃው ዋጋ ጎን የሠሪዋን ስም እንጽፋለን። ዕቃችንን የምትገዙ ወዳጆቻችንም ዋጋውን ስትጠይቁ ስሟንም ጠይቁልን።