በሕግ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጃፓን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓን በ1910 ኮሪያን የግዛቷ ክፍል አደረገች። ኮሪያውያንም ሳይወዱ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ተገዢዎች ሆኑ። ብዙዎች ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ጃፓን ገቡ። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ በግዴታ ወደ ማዕድን ማውጫና ወደ ፋብሪካ የተወሰዱ ነበሩ። ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ አብዛኞቹ ወዳገራቸው ተመለሱ። ከ500,000 በላይ የሚሆኑት ግን እዚያው ቀሩ።

ከዚያ አዲስ ሕገ መንግሥት ተጻፈ። በ1946 የመጀመሪያውን ረቂቅ ያዘጋጁት ጃፓንን የያዙት አሜሪካኖች ናቸው። ረቂቁ የውጭ አገር ሰዎችም እኩል የሕግ ጥበቃ ይገባቸዋል ይል ነበር። የጃፓን ባለሥልጣኖች ሲነጋገሩበት ይህ ክፍል ወጣ። «ኮኩሚን» የምትል ቃልም ገባች። ትርጉሟ የአገሪቱ ዜጋ ማለት ነው። አንቀጽ 14 በዘር፣ በእምነት፣ በጾታ፣ በማኅበራዊ ደረጃና በትውልድ ማዳላትን ይከለክላል። መልካም ሕግ ነው። ግን በስም የሚጠራው ዜጋን ነው። ታዲያ ዜጋው ማን ነው?

መልሱ ቶሎ መጣ። ሕገ መንግሥቱ የጸናው ሜይ 3 ቀን 1947 ነው። ልክ በዋዜማው፣ ሜይ 2 ቀን፣ ኮሪያውያን እንደ ውጭ አገር ሰው እንዲመዘገቡ ትእዛዝ ወጣ። በ1952 ደግሞ የጃፓን ዜግነታቸው ጨርሶ ተነሣ። እዚያው የተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ባደጉበት መንደር ባዕድ ሆኑ።

ከ1955 ጀምሮ የጣት አሻራ መስጠት ግዴታቸው ሆነ። እኛ አገር አሻራ መጻፍ ያልቻለ ሰው ፊርማ ነው። እዚያ ግን የተማረውም ቢሆን፣ ባዕድ ነህ ተብሎ ጣቱን ቀለም ይነክር ነበር። በ1980ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች «እኛ ወንጀለኞች አይደለንም» በማለት አሻራ አንሰጥም አሉ። በ1993 ግዴታው ለቋሚ ነዋሪዎች ቀረ።

አንድ ወጣት ደግሞ በ1970 የሂታቺን ኩባንያ ፈተና አለፈ። የቤተሰብ መዝገብ አምጣ ሲባል ኮሪያዊ መሆኑን ተናገረ። ቅጥሩ ተሰረዘ። እሱ ግን ዝም አላለም፤ ከሰሰ። የጃፓን ወጣቶችም አብረውት ቆሙ። በ1974 የዮኮሐማ ፍርድ ቤት በዜግነቱ ምክንያት ተበድሏል ሲል ፈረደለት።

የችግሩ አንዱ ሥር «ጃፓን የአንድ ዘር አገር ናት» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ነገር ግን በሰሜን በኩል አይኑ የሚባል የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ አለ። ፓርላማው የአይኑን ነባር ሕዝብነት የተቀበለው ገና በ2008 ነው። በ2016 ደግሞ ከውጭ በመጡ ሰዎችና በልጆቻቸው ላይ የሚነዛውን የጥላቻ ንግግር የሚቃወም ሕግ ወጣ። ቅጣት ግን አልተጻፈበትም።

አድማጮቻችን፣ ከዚህ ምን እንማራለን? «ሁሉም እኩል ነው» የሚል ሕግ ስታነቡ «ሁሉም» የተባለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የተረሳው ማን ነው በሉ። ማንበብ የቻለ ሰው ይህን ራሱ መርምሮ ማወቅ ይችላል። በመማሪያ ጣቢያችሁ ተወያዩበት፦ አንድ ሰው ያገር ልጅ የሚባለው በምኑ ነው? በደሙ ነው፣ በተወለደበት ቦታ ነው፣ ወይስ አብሮ በመኖሩ?

በሉ፣ ደኅና ሰንብቱ።