የዲጂታል ፊርማ አሠራርና ማረጋገጫው

ዲጂታል ፊርማ በወረቀት ላይ ያረፈ ፊርማ በስካነር ተነስቶ በሰነድ ላይ የሚለጠፍ ምስል አይደለም። ምስል ከአንዱ ደብዳቤ ተቀድቶ በሌላው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዲጂታል ፊርማ ግን ከሰነዱ ይዘት ተሰልቶ የሚገኝ ቁጥር በመሆኑ ለአንዱ ሰነድ የተሰጠው ለሌላው አያገለግልም።

የአሠራሩ መሠረት በሒሳብ የተሳሰሩ ሁለት ቁልፎች ናቸው። የግል ቁልፉ በፈራሚው እጅ ብቻ የሚቆይ ሲሆን፣ ይፋዊ ቁልፉ ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። ሐሳቡን ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 አቅርበዋል፤ በተከታዩ ዓመትም ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አርኤስኤ የተባለውን ስልት ሠርተዋል።

በፕሮግራም ሲሠራ በቅድሚያ ጥንድ ቁልፎቹ ይፈጠራሉ። ቀጥሎ ሰነዱ፣ አንድ ገጽም ይሁን ሺህ፣ ኤስኤችኤ-256ን በመሰለ ስሌት 256 ቢት ርዝመት ወዳለው አሻራ ይለወጣል። ይኸው አሻራ በግል ቁልፉ ተሰልቶ ፊርማውን ያስገኛል። ተቀባዩ በበኩሉ ሰነዱን፣ ፊርማውንና ይፋዊ ቁልፉን ለማረጋገጫው ፋንክሽን ያቀርባል። በክፍያ ትእዛዝ ላይ አንድ ዜሮ እንኳ ቢጨመር አሻራው ስለሚለወጥ ፊርማው ውድቅ ይሆናል። ይሁንና ፊርማው የሰነዱን ይዘት ከአንባቢ አይሰውርም፤ ምስጢር መጠበቅ ሌላ ሥራ ነው።

የፕሮግራም ባለሙያዎች ከመፈረሙ ይልቅ ለማረጋገጡ ሊጠነቀቁ ይገባል። በስፋት የሚሠራበት የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ የማረጋገጫ ፋንክሽን ፊርማው ትክክል ሲሆን 1፣ ሳይሆን ሲቀር 0፣ ስሌቱ ራሱ ሲሰናከል ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይመልሳል። በሲ ቋንቋ ከ0 የተለየ ቁጥር ሁሉ እንደ «እውነት» ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት የላይብረሪው የራሱ ክፍሎች ሳይቀሩ ቅርጹ የተበላሸ ፊርማን እንደ ትክክለኛ ይቀበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ይፋ ሆኗል። ሒሳቡ አልተሰበረም፤ ጉድለቱ መልሱን በማንበቡ ላይ ነበር። መልሱ በትክክል 1 መሆኑን መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር። በፓይተን የሚሠራበት ክሪፕቶግራፊ የተሰኘው ላይብረሪ በአንጻሩ ፊርማው ካልሰመረ የስህተት ምልክት ስለሚያስነሳ፣ ፕሮግራሙ ምልክቱን ተቀብሎ ካላስተናገደው በስተቀር ሥራው ይቋረጣል።

የፊርማው መስመር ብቻውን የፈራሚውን ማንነት አያስረዳም። ይፋዊ ቁልፉ የእገሌ ስለመሆኑ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ አካል ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ይህ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ተደንግጓል። የግል ቁልፉ የጠፋበት ወይም ከኃላፊነቱ የተነሳ ፈራሚ የምስክር ወረቀቱ ወዲያውኑ ሊሰረዝ ይገባል፤ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ፕሮግራምም ፊርማውን ከመቀበሉ በፊት የምስክር ወረቀቱ አለመሰረዙን መመልከት ይኖርበታል።