ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ ከደሴ ትምህርት ቤት እስከ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት

ሀገርን ማገልገል በጦር ሜዳና በሹመት ወንበር ብቻ የሚፈጸም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር መምህርም የሀገርን መሠረት የሚጥል መሆኑን የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ታሪክ ያስረዳል።

ወይዘሮ ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ በ1908 ዓ.ም ተወለዱ። ሴት ልጅን ማስተማር ባልተለመደበት በዚያ ዘመን አባታቸው ወደ ስዊስ አገር ልከው አስተማሯቸው። ተምረው ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የኢጣልያ ጦር ሀገራችንን ወረረ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ በቀይ መስቀል ምልክት ሥር የነበረው ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ወይዘሮ ስንዱም ወደ ጎሬ ሄደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር በቀይ መስቀል ሥራ ቁስለኛ ረዱ፤ በኋላም በጠላት እጅ ወድቀው ከብዙ ኢትዮጵያውያን ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ።

በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም የደቡብ አፍሪካ ጭፍሮችና የኢትዮጵያ አርበኞች በኮምቦልቻ በር የነበረውን ምሽግ ሰብረው ደሴ ነፃ ወጣች። ይሁን እንጂ ጠላት ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹን ፈጅቶ ነበርና መምህር የሚሆን ሰው እጅግ ያነሰ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በዚያ የችግር ጊዜ በደሴ በትምህርት ሥራ አገለገሉ። በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሒን ሚካኤል ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ካላት ከደሴ ተነሥተው፣ በእቴጌይቱ በራሳቸው ስም ወደተሰየመው በአዲስ አበባ ወደሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት በመዛወር ዲሬክተር ሆኑ። ከማስተማርም ጋር ድርሰት ይጽፉ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውም የእርሳቸው ነው።

በ1923 ዓ.ም በቆመው ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ለሕዝቡ፣ ለሴቶችም ጭምር፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ በሕዝብ ድምፅ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ከሴቶች የመጀመሪያዪቱ ናቸው። ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ።

ሆኖም በምክር ቤት መቀመጥ ብቻውን ሁሉን ነገር የሚያቃና አልነበረም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተ ሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ለባሏ መታዘዝ አለባት ሲል ደነገገ። ስለዚህ ሴት ለሀገር ሕግ በምትመክርበት ዘመን፣ በገዛ ቤቷ ግን ሕጉ የበታች አድርጓት ነበር። ይህ ድንጋጌ የተለወጠው አርባ ዓመት ቆይቶ በ1992 ዓ.ም በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ነው። ወይዘሮ ስንዱ በ2001 ዓ.ም እስካረፉ ድረስ ኖረው ይህን ለማየት በቁ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ዲቦራ በእስራኤል ላይ ፈራጅ ሆና መቀመጧን ምእመናን ሁሉ ያውቃሉ። የወይዘሮ ስንዱም ወንበር እንዲያው የተገኘ አይደለም፤ አባት ለሴት ልጁ ትምህርትን አልነፈጋትም፣ ልጅም የተማረችውን ለሌሎች አልነፈገችም። ልጆቹን ወንድ ሴት ሳይል የሚያስተምር ወላጅ ከእነርሱ መካከል ለሀገር የሚመክረው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም፤ ሁሉንም ማስተማር የሚገባው ስለዚህ ነው።